ነገሩ ይደር

«የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ!» አለ ጓድ ተፈራ ለሦስተኛ ጊዜ።

ወንጌላዊት በሲዳምኛ ደገመችላቸው። ከሾላው ሥር ክብ ሠርተው ከተቀመጡት ሽማግሌዎች እጁን ያነሳ አልነበረም። አንዱ ከዘራውን ወደ ሌላው ጉልበቱ አዛወረ። ሌላው ሐይቁን ያይ ጀመር።

«በቃ፣ ዝምታ ስምምነት ነው። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ ብለሽ ያዢ» አላት ካድሬው።

ወንጌላዊት አዋሳ ውስጥ በግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት። አስተርጓሚ ሆና የመጣችው ከቢሮው ሲዳምኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። የሚወሰንበት ከሾላው እስከ ሐይቁ ዳር የተዘረጋው የወል ግጦሽ ነበር፤ መንግሥት እርሻ ሊያደርገው ነው። ለካድሬው ባዶ ሜዳ ነው። ለሰዎቹ ግን ግጦሹ ከሄደ ከብቱ ይሄዳል፣ ከብቱ ከሄደ ፍግ የለም፣ ያለ ፍግ ደግሞ እንሰት ከጓሮ አይበቅልም። ይህን ለማወቅ ካድሬ መሆን አያስፈልግም፤ ጓድ ተፈራ ግን ካድሬ ነበር።

አባቷ በሕይወት ሳለ እዚህ ሶንጎ፣ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ላይ፣ ይቀመጥ ነበር። ሽማግሌዎች በአንድ ነገር ካልተስማሙ አይጯጯሁም፤ ዝም ብለው ያሳድሩታል፤ በማግስቱ እንደገና ይመክሩበታል። እጅ አውጥቶ ሽማግሌን መቃወም የባለጌ ነው፤ አባቷ እንዲህ ነበር የሚላት።

ወደ አንጋፋው ጠጋ አለች።

«አባባ ላሚሶ፣ ዝም ካላችሁ መሬቱን ሰጡ ተብሎ ይጻፋል።»

ሽማግሌው ከልባቸው ተገረሙ። «ሳንነጋገር? ማን ሰጠ?»

«እጅ ያላወጣ ሁሉ ተስማምቷል ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ ይህ እኮ የእኔ አይደለም። የአባቴም አልነበረም። የሁላችንን መሬት እኔ በአንድ እጄ እሰጣለሁ ወይስ እከለክላለሁ? ነገሩ ይደር በይው።»

ይህን ሲሉ ያዩት የነበረው ሣሩን እንጂ እሷን አልነበረም። ሴት በሶንጎ መካከል ቆማ አይተው አያውቁም፤ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠፍቷቸዋል።

«ጓድ፣ አልተስማሙም» አለች። «ዝም ያሉት ሊመክሩበት ነው። ይደርልን ይላሉ።»

«ያመጣሁሽ እንድትተረጉሚ ነው ወይስ እንድትከራከሪ?»

«መተርጎሜ ነው።»

ካድሬው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ወንድም ሆኖ፣ «አንቺ እኮ የእኛ ሰው ነሽ» አላት። «ትራክተሩ ነገ ይገባል። ነይ መኪና ውስጥ ግቢ፤ ቢሮ ስትፈርሚ ያልቃል። ያለ አስተርጓሚ ፊርማ ቃለ ጉባኤው እንደማይጸድቅ ታውቂያለሽ።»

የእኛ ሰው! ቢሮ ስትገባ «ጴንጤዋ መጣች» ተባብለው ወሬ የሚያቋርጡት እነማን ሆኑና? ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ወዲህ እሑድን ታቦር ሰፈር በተከራየችው ክፍል፣ በሯን ዘግታ ነው የምታሳልፈው። እዚህ ደግሞ የአባቷ ሰዎች ቀና ብለው እንኳ አያዩዋትም። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እሷ ናት። እንጀራዋ ግን ቢሮው ነው፤ ያንንም ካጣች የሚያስጠጋት ዘመድ የላትም። ፈራች።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«አልፈርምም፤ እናንተ ሂዱ» አለች።

ጓድ ተፈራ ወደ መኪናው ዞረ። «አስቢበት፤ ሲቆጭሽ የሚሰማሽ የለም» ብሎ የላንድሮቨሩን በር በኃይል ዘጋው።

አቧራው ሲበርድ ሽማግሌዎቹ ምክራቸውን ጀመሩ። ቦታ የለቀቀላት አልነበረም። ወንጌላዊት ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣለችና ከጥላው ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች።