የቅዳሜዋ ተማሪ

መምህር እንግዳው ደባርቅ ባለ አንድ ኮሌጅ የእንስሳት ጤናን ግማሹን በአካል፣ ግማሹን በቴሌግራም ያስተምራል፤ ማስተማር ከተባለ። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ጠፍተው የቀረችው የጃናሞራዋ ዝናሽ ብቻ ናት። የክፍሉ ኃላፊ ላቀውም ቁርጡን ነግሮታል፤ በዚህ ቅዳሜ አንድም ተማሪ በአካል ካልመጣ ኮርሱ ይዘጋል። «ላም አለኝ በሰማይ» እያለም ያሾፍበታል።

እንግዳው ግን ተማምኗል። የሚልከው ድምፅ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ራይት ይሆንለታል፤ ተከፍቷል ማለት ነው። ምስኪን፣ ኔትወርክ ፍለጋ ቡይት ራስ ተራራ ድረስ ወጥታ ይሆናል እያለ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል። ለእሷ ሲል የአንድ ሰዓቱን ትምህርት አሳጠረ፤ የበግ ሳንባ በእጁ ስሎ ፎቶ አንስቶ ላከ፤ በየመጨረሻው ጥያቄ ጨመረ። መልስ መጥቶ አያውቅም። ቢሆንስ? በምዝገባው ቀን እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከ«አቤት» በቀር ቃል ያልወጣት ጨዋ ልጅ ናት። ዝም ያለ ልጅ እያዳመጠ ነው ተብሎ አይደል ሁላችንም ያደግነው?

ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬን ብቻ በአካል ነይልኝ» ብሎ በድምፅ ለመናት፤ ረፋድ ላይ ባዶው ክፍል ውስጥ ሆኖ ደወለላት። ጥሪው ከበሩ ውጭ ተሰማ። ከደስታው ብዛት ወንበሩን ገልብጦ ወጣ።

በሩ ላይ የቆመው ግን ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ነው።

«መምህር እንግዳው እርስዎ ነዎት? ሻረው እባላለሁ፤ የጃናሞራ ገብስ ነጋዴ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ እመጣለሁ። በከንቱ ሲጠብቁ እንዳይውሉ ብዬ ነው።»

«ዝናሽስ?»

«ስልኩን ከነሲሙ ሸጣልኝ ወደ ሱዳን ልትሻገር መተማ ወረደች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን የሰማ የለም፤ እናቷም እንዳለቀሰች ነው።»

«መቼ?»

«ኧረ ቆየ፤ ይኸ የእርስዎ ድምፅ መምጣት ሳይጀምር።»

«ታዲያ የምልከውን ማን ነበር የሚሰማው?»

ሻረው አፈረ። «ደባርቅ ስደርስ ኔትወርክ ይይዝና የመልእክቱ ቁጥር ይቆለላል። ዓይኔን ሲያስቸግረኝ ከፈት እያደረግሁ እዘጋዋለሁ እንጂ አልሰማውም። የዛሬው ግን ልመና መሰለኝና ሰማሁት።» የመምህሩ ፊት ሲለዋወጥ ቢያይ ጊዜ ደነገጠ። «ደስ የሚልዎ ከሆነማ መክፈቱን አልተውም፤ እኔን ምን ይጎዳኛል?»

ላቀው ከቢሮው ብቅ አለ። «እህሳ፣ መጣች?»

እንግዳው በሻረው እጅ ያለውን ስልክ አየ። እሱ የበግ ሳንባ ሲስል እሷ በረሃ ከወረደች ቆይታ ነበር። ያን ሁሉ ጥያቄ ሲልክ አንድ ቀን እንኳ «ደህና ነሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም።

«ዝጋው» አለው ላቀውን።