ስምንተኛው ኩርባ ላይ የተጫረው በረዶ

አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ ጃከን ዘሎ ከዱሪ ኋላ የበረዶ ሸርተቴው ላይ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜ አሥራ ሰባት እርምጃ ነው፣ የሮማኒያ ተወዳዳሪዎች ሃያ ይሮጣሉ፣ ይሩጡ፣ ጃከን አምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሃያ ቢሞክር ሸርተቴው ያለ እሱ ይወርዳል። አንገቱን ይደፋል። ከዚህ በኋላ የሚታየው የዱሪ ጀርባና የገዛ ጉልበቱ ነው፣ መሪው በዱሪ እጅ፣ ፍሬኑ በእሱ እጅ፣ እስከ ታች አሥራ አራት ኩርባ።

አንድ። በግራ ጉልበቱ የዱሪን ጎን ጫን ያደርጋል፣ ግራ ማለት ነው። ይህን ማንም አያውቅም፣ ዱሪም አያውቅም፣ ሳያስበው እጁ ይታዘዛል። የዱሪ ቀኝ ዓይን ከጥቅምት ጀምሮ ደመና ለብሷል፣ እንጨት ሲፈልጥ ግንዱን ስቶ መሬት ሲመታ ሁለቴ፣ ሾርባ ከሳህን ውጭ ሲቀዳ ሦስቴ፣ ጃከን ቆጥሯል፣ ምን ሆነህ ነው ቢለው እጄን በርዶኝ ነው አለ፣ ውሸታም። ዳኞቹ ቢሰሙ ያግዱታል፣ ሠላሳ አንድ ክረምት አብሮ ወርዶ ከመጨረሻው የዓለም ውድድር ደጅ ይመለስ? አይደረግም። ሁለት፣ ቀኝ። ሦስት፣ ግራ።

ፍሬኑን እንዳትነካ አለው ዱሪ ጠዋት፣ አይብ በአፉ ሞልቶ፣ ካልሞትኩ እንዳትነካ፣ መሞትህን በምን አውቃለሁ፣ ወሬ ሳቆም ነዋ። አራት። የፍሬኑ ጥርስ በረዶውን ያርሳል፣ መንገዱን ደግሞ የመንደሩ ሰው በእጁ ነው ውሃ እያፈሰሰ የሠራው፣ ሳይጨርስ ፍሬን የሳበ በማግስቱ ባልዲ ተሸክሞ ያረሰውን ይደፍናል፣ ሕዝቡ እያየ። ጃከን ባልዲ ተሸክሞ አያውቅም። አምስት፣ ግራ። ስድስት።

ያኔ በመጀመሪያው ክረምት ግን ምን ነበረው፣ አንድ ጫማ፣ በቀን ሥራ የሰው በረዶ ይጭን ነበር፣ ዱሪ መጥቶ ይሄን ልጅ ከኋላዬ አስቀምጡልኝ አለ፣ ለምን ቢሉት ይቆጥራል፣ እኔ ቁጥር አልችልም፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ጃከን አልሳቀም፣ እንደዚያ ፈልጎት የሚያውቅ ሰው አልነበረማ፣ ዛሬ የእንጨት መሰንጠቂያ አለው፣ ቤት አለው፣ መነሻው ያቺ ቃል

ሸርተቴው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ይወርዳል።

ሰባት ነበር?

ሰባት ወይስ ስምንት። ጉልበቱ ዝም ይላል፣ የቱን ይጫን፣ ግራ ነው ቢል ቀኝ ቢሆንስ፣ ከፊቱ አንድ ዓይን ያለው ሰው፣ ከዚያ ሰው ኋላ ቁጥር የጠፋው ቆጣሪ፣ ይሄኛውን ቢስት ከግድግዳው በላይ ዛፍ ነው፣ ይቅር፣ ውድድሩም ክብሩም ይቅር፣ እጁ ፍሬኑን ይስባል፣ ከሥር ክርርር ይላል

ዘጠኝ ይላል ከፊቱ ያለው ጀርባ።

ዘጠኝ፣ ግራ፣ ልቀቀው አንተ ሽማግሌ፣ ጉልበትህ የት ሄደ?

ይለቃል። አሥር ይላል ዱሪ፣ ቁጥር የማይችለው ዱሪ፣ እየጮኸ፣ ቀኝ ጉልበት፣ አሥራ አንድ፣ ግራ ጉልበት፣ አሁን ሁለቱም ይቆጥራሉ፣ እንደ ተማሪ፣ ታዲያ ሲያውቅ ነው ይሄን ሁሉ የከረመው፣ የትኛው ጉልበት ምን ማለት እንደሆነ፣ አሥራ ሦስት፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ሳይል፣ ጃከንን እንዳያሳፍረው፣ አሥራ አራት።

ታች ሲቆሙ ሰባተኛ ናቸው። ፍሬኑ ባይሳብ አምስተኛ ይሆኑ ነበር፣ ጃከን ሳያስበው ያሰላዋል። የመንገዱ አለቃ ሽማግሌው ቲስታ አካፋውን እየጎተተ ይመጣል፣ ስምንተኛው ላይ በረዶዬን የጫረ ማነው? እኔ ነኝ ይላል ዱሪ። ፍሬኑ ከኋላ፣ አንተ ከፊት ይላል ቲስታ። እጄ ይደርሳል፣ አባቴ። ቤልጂጎች ሳይቀሩ ይስቃሉ፣ ቲስታ አይስቅም፣ እንግዲያው ነገ ሁለት ባልዲ ይላል።

ሁለት ባልዲ። ውሃ ከሚቀዳበት ምንጭ እስከ ስምንተኛው ኩርባ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ መሐል ላይ ስድስት የእንጨት ደረጃ አለ፣ ጠዋት ያንሸራትታል፣ አራተኛው ከሌሎቹ ይሰፋል፣ ጃከን ከፊት ይሄዳል፣ ዱሪ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ይቆጥራል።