ኦርሳ አልጣለችውም

አዴር ሮብሌ የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ በኋላ ቴሌቪዥን ሲከፈት ተነስተው ወደ ግቢ መውጣት ጀመሩ። ማንም ውጡ አላላቸውም። «ነፋስ ልቀበል» ይሉና በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ።

እኔ ፅዮን እባላለሁ፤ በግቢያቸው ተከራይቼ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ጅጅጋ ተመድቤ የመጣሁት በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለአንድ ዓመት ብዬ መጥቼ የቀረሁት በዚህ ቤተሰብ ምክንያት ነው፤ ሶማሊኛም የለመድኩት ከእነሱ ነው። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ዓይናቸው እስኪከዳቸው ድረስ ከባድ መኪና ነጂ ነበሩ። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ደገሀቡር መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ጎረቤት ያውቁታል።

«የአመዱ ወንዝ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም ከተማውን ያሳበደው በ2015 ነው። ነገሩ ተረት ነው። በውሃ ፋንታ ትኩስ አመድ የሚፈስበት ወንዝ አለ፤ ሰው የምታሻግር ኦርሳ የምትባል ወጣት አለች፤ ክፉ ንጉሥ አለ፤ ቀንድ ያለው፣ አካሄዱ የግመል የሆነ አውሬም አለ። በኢንተርኔት የሚለቀቀው በሳምንት አንድ ክፍል፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት ከተማው ጭር ይላል፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ባጃጅ ነጂው፣ ታይዋን ገበያ ስልክ የሚጠግነው፣ ስታፍ ውስጥ ያለነው አስተማሪዎች ሳንቀር ስለ ኦርሳ ስንጨቃጨቅ እንከርማለን።

እኛ ግቢ ሳሎን ውስጥ ነው የምናየው። የአዴር ልጅ ዐብዲሓኪም ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኛል፤ እህቱ ናስትሆ፣ እኔና ጎረቤቶች ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። እናታቸው ኤብላ ግን «ቀንድ ያለው ግመል የት አገር አላችሁ!» ብለው እየሳቁ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ክፍል የተለቀቀ ዕለት ናስትሆ ውሃ ልታመጣ ወጥታ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አባቴ መስኮቱ ሥር ቆሟል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ነፋስ አይደለም የሚቀበለው። እያዳመጠ ነው።»

በሳምንቱ አዴር ሊነሱ ሲሉ ናስትሆ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ቁጭ በል አባ። እኔ እነግርሃለሁ።»

«ምኑን?»

«የማየውን።»

ናስትሆ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንግሊዝኛ የተማረች፣ ያኔ ስልክ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። ፊልሙ ሲጀመር የእንግሊዝኛውን ንግግር ወደ ሶማሊኛ እየመለሰች፣ የምታየውን እየጨመረች፣ ጆሯቸው ሥር ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ አልሆነላትም።

«አሁን ኦርሳ ተናደደች።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከፊቷ ነዋ።»

«ፊቷ ምን ሆነ?»

ናስትሆ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ አየች። «ጥርሷን ነክሳለች። ዓይኗን ከሰውየው ላይ አልነቀለችም።»

«እሱን ንገሪኝ። መናደዷን እኔ ራሴ እደርስበታለሁ።»

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ደግሞ «ስፋቱስ?» አሏት።

«በጣም ሰፊ ነው።»

«በጣም ማለት ምንድነው? ተሳቢ ያለው መኪና ይዞርበታል?»

«አባ!» አለ ዐብዲሓኪም። «ፊልሙን እንስማ እንጂ!»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ዐብዲሓኪም ቻርጀር ፍለጋ ጓዳ ገብቶ «ናስትሆ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ አልሰማሽም!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። እኔም ብሆን በዓይኔ እያየሁ ስንቱን አልፌው ኖሯል። ንጉሡ እጁን ሁልጊዜ ከካባው ሥር እንደሚደብቅ ያወቅሁት ከእሷ አፍ ነው።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ዋበሪ የሚባል የሥነ ዜጋ መምህር አለ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ስታፍ ውስጥ ስለ ፊልሙ ስናወራ አብሮን ይስቃል፣ «እውነት ነው» ይላል። የናስትሆን ነገር ስነግረው ፈገግታው ጠፋ።

«ፅዮን፣ እኔ እኮ የምስቀው እናንተ ስትስቁ ሰምቼ ነው» አለኝ። «ትንሽ ዘግይቼ። አስተውለሽ አታውቂም?»

አስተውዬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ናስትሆ ለአባቷ ስትናገር ድምጿን በስልክ እየቀዳች በቴሌግራም ለዋበሪ ትልክ ጀመር። እሱ ለጓደኞቹ አስተላለፈው፤ እነሱም ለሌሎች። ከቀብሪበያ፣ ከሀርሺን፣ ከደገሀቡር መልእክት ይመጣላት ጀመር። አንዱ «እናቴ ማየት ከተሳናት ወዲህ ከእኛ ጋር ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው» ብሎ ጻፈላት። ይህን ለእኔ አንብባልኝ ስልኩን አጠፋች።

ስድስተኛው ክፍል ሲመጣ ነው ከተማው ለሁለት የተከፈለው።

ኦርሳና ወንድሟ ቴሊን ከንጉሡ ወታደሮች ሸሽተው ያረጀ ድልድይ ላይ ይደርሳሉ። ጣውላው ይሰበርና ቴሊን ይንጠለጠላል። ኦርሳ በሆዷ ተኝታ እጁን ትይዘዋለች። አመዱ ይበናል፤ ምስሉ ይጨልማል፤ እጅና እጅ ይለያያሉ፤ ቴሊን ይወድቃል። እዚያ ላይ ያልቃል።

«ጣለችው!» ብሎ ጮኸ ዐብዲሓኪም። ከተማውም «ጣለችው» አለ። ንጉሡ ሲወድቅ ዘውዱ ከእህትና ወንድሙ ለአንዳቸው ብቻ ስለሚደርስ ሆን ብላ ለቀቀችው ተባለ። ስንወዳት የከረምናት ኦርሳ ባንድ ቀን ነፍሰ ገዳይ ሆና ቁጭ አለች።

አዴር ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው የለቀቃት» አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት አዴር፣ ናስትሆና እኔ ወደ ዐብዲጀባር ጁስ ቤት ሄድን። ዐብዲጀባር ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው፤ ቤቱ ትልቅ ስክሪን ስላለው ኳሱም ፊልሙም እዚያ ይታያል። ክርክሩ ጦፏል። አዴር ፓፓያቸውን ሳይቀምሱ ገቡበት።

«ልጅቷን አትበድሏት። ወንድሟ ራሱ ነው የለቀቀው።»

ዐብዲጀባር ሳቀ። «አዴር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ ዓይናችን እያየ ነው የጣለችው። እርስዎ እንዴት አድርገው አዩት?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አዴር አልተቆጡም።

«እኔ አላየሁም። ያየችው ልጄ ናት። መጀመሪያ የተከፈተው የወንድምየው ጣት ነው ብላኛለች። የእሱ ጣት ከቀደመ እሱ ነው የለቀቀው።»

«እንዳይከፋዎት ብላ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ናስትሆ ስትሸማቀቅ አየኋት። ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ያችን ቦታ ደጋግመው አዩ። ጨለማና አመድ ነው፤ አንዱ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው እንዲያ ነው ይላል።

«እሺ» አለ ዐብዲጀባር ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ልጁ ራሱ ለቆ ከሆነ፣ እርስዎን በጀርባዬ አዝዬ ቤትዎ ድረስ አደርስዎታለሁ። ጥላው ከሆነ ግን፣ አዴር፣ ፊልሙን ለምናየው ይተዉልን።»

ሳቁ ቀነሰ። ቀልድ አድርጎ የጀመረው ነገር ከአፉ ሲወጣ ቀልድነቱ ጠፍቶ ነበር። አዴር እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉለትና ተጨባበጡ።

ያ ሳምንት ለናስትሆ መከራ ሆነባት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ በሌለ ቁጥር ያችን ቦታ እየከፈተች ታያለች። «ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ይጠፋብኛል» አለችኝ። «አንዴ የእሱ፣ አንዴ የእሷ ይመስለኛል። አባቴን በሰው ፊት አዋረድኩት ማለት ነው?»

ሐሙስ ከሰዓት ግቢው ውስጥ አባቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«አባ፣ ተሳስቼ ቢሆንስ?»

«ያን ቀን ያየሽውን ነው የነገርሽኝ?»

«አዎ፣ ወላሂ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? እኔ ገደል አፍ ላይ መኪና ወደ ኋላ ነድቻለሁ፤ ረዳቴ ከኋላ ሆኖ "ና፣ ና፣ ና" እያለኝ። ረዳቱን የማያምን ሾፌር ከጅጅጋ አይወጣም። አሁን ረዳቴ አንቺ ነሽ።»

ናስትሆ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ስትነሳ ግን ትከሻዋ ቀና ብሎ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የዐብዲጀባር ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ወንበር ያጣው በር ላይ ቆመ። ዋበሪ ከዓይነ ስውራን ማኅበር ብዙ ሰው ይዞ መጣ፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ በትራቸው ወለሉን እየመታ ገቡ። ዐብዲጀባር ይህን ሲያይ የፊተኛውን ረድፍ አስለቀቀላቸው። ከዚያ ለኳስ የሚጠቀምበትን ማይክራፎን አንስቶ ለናስትሆ ሰጣት።

«ለሁሉም ይሰማ» አላት።

«ሬዲዮ ልናዳምጥ ነው እንዴ የመጣነው?» አለ አንድ ወጣት።

«ዝም በል!» አለው ዐብዲጀባር።

ናስትሆ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ያዘች። ሰባተኛው ክፍል ተጀመረ፤ ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም፤ የነፋስ ድምፅ ብቻ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። ያ ዝምታ ለእነሱ ባዶ ነበር፤ የሚሞላው እሷ ስትናገር ብቻ ነው።

«እጅ ነው» አለች ናስትሆ። «የቴሊን እጅ ነው። ጥፍሩ ውስጥ አመድ ገብቷል። ድልድዩ ላይ ነን፤ አሁን ግን ከታች ነው የምናየው፤ በእሱ ዓይን። ኦርሳ ከላይ ናት። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። ቀና ብሎ ያያታል። አሁን... ከእሷ አለፍ አድርጎ አየ። ከሆዷ ሥር ያለው ጣውላ እየተሰነጠቀ ነው። እሷ አታየውም። ስንጥቁ ወደ ደረቷ እየሄደ ነው።»

ከፊት ያለች አንዲት ሴት «ያ አላህ» አለች።

«ጣውላውን አየ። እሷን አየ። ፈገግ አለ። ትንሿ ጣቱ ተከፈተች። ቀጥሎ የቀለበት ጣቱ። ኦርሳ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እንቢ ትላለች፣ አጥብቃ ትይዘዋለች፤ እሱ ግን እየከፈተ ነው! እየከፈተ ነው! ለቀቃት!»

ቤቱ ፈነዳ። በስክሪኑ ያዩትም፣ ከናስትሆ የሰሙትም እኩል ጮኹ፤ ማንም ከማንም አልዘገየም። ዋበሪ በትሩን ወደ ላይ ወርውሮ «አላልኳችሁም!» ይላል፤ እሱ እኮ ምንም አላለም ነበር! ወንበር ተገለበጠ፤ አንዱ ማንጎ ጁሱን ቀሚሴ ላይ ደፋብኝ። ሬዲዮ ነው እንዴ ያለው ወጣት ወንበር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። አዴር ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ሁለት እጃቸውን በትራቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ።

ናስትሆ ግን አላቆመችም። ጫጫታው መሀል ማይክራፎኑን አፏ ላይ ለጥፋ «ዝም በሉ፣ ገና አላለቀም፣ አውሬው መጣ!» ስትል ያ ሁሉ ሰው እንደ ተማሪ ጸጥ አለላት። ቀንዳሙ አውሬ ቴሊንን ከአመዱ ላይ በጀርባው ሲቀበለው የነበረውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም።

ሲያልቅ ዐብዲጀባር ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ አዴር ፊት ተንበረከከ።

«ይውጡ፣ አዴር።»

«ተው፣ ቀልድ ነው፤ ወገብህ ይጎዳል።»

«ከተጨባበጥን በኋላ ቀልድ የለም። ደግሞም አፌ አመለጠኝ ያን ቀን፤ ይቅር ይበሉኝ። ይውጡ!»

አዘላቸው። ሰዉ እየጨፈረ ወደ መንገዱ ወጣ። አዴር ከጀርባው ላይ ሆነው እንደ ጥንቱ ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ «ቀኝ ያዝ! ጉድጓድ አለ! ማርሽ ቀንስ!» ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ተከተሉን። ናስትሆ ድምጿ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ከዋበሪ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ትሄዳለች። የማታውቃቸው ሰዎች በስሟ ይጠሯታል። አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ፊቷን በመዳፏ ዳስሳ «እንዲህ ነሽ ለካ» ስትላት ናስትሆ አቀፈቻት።

ኤብላ ጫጫታውን ሰምተው ከግቢው በር ሮጠው ወጡ። ባለቤታቸውን በሰው ጀርባ ላይ ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ምን ሆነ? ወደቀ? ሮብሌ፣ ምን ሆንክ?»

«ኧረ ደህና ነኝ!» አሉ አዴር፣ በትራቸውን ወደ ሰማይ አንስተው። «አሸንፈን ነው፣ ኤብላ! ሻሂ ጣጂ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሊገባ ነው!»