ኦክሲዳይዘር ማለት

በያጁ ሣህሌ ኤሌክትሮዱን መያዣው ላይ ሰክቶ ሊለኩስ ሲል፣ ከተሳቢው የተቀደደ የጭነት ሸራ ሥር አንድ ቃል አየና እጁን መለሰ። ቃሉ ከተጫኑት ነጭ ከረጢቶች በአንዱ ላይ፣ ከቢጫ ምልክት በታች፣ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፏል።

«ኦክሲ... ዲዘር» አለ። «ይታያል፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

ይታያል ከጅቡቲ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚጓዝ ሾፌር ነው። የተሳቢው ስፖንዳ፣ የጎን መከለያው፣ ማጠፊያው ተሰብሮበት ዲቾቶ ከተማ ላይ ቆሟል፤ የቀትሩ ሙቀት ደግሞ ትዕግሥቱን ጨርሶታል።

«የኬሚካሉ ስም መሰለኝ። አንተን ምን አገባህ? በይድልኝና ልሂድ።»

ሣህሌ ግን የማያውቀውን ቃል አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሌላው በያጅ ብረቱን ሲያይ እሱ ካርቶንና ኮንቴይነር ያነባል። «ፍራጃይል» ተሰባሪ ማለት መሆኑን ከመስታወት ጫኝ፣ «ፐሪሸብል» ቶሎ የሚበላሽ ማለት መሆኑን ከአትክልት ጫኝ ተምሯል። አዲስ ቃል ያገኘ ሰሞን አፉ ውስጥ እያገላበጠ፣ ያገኘውን ሾፌር ሁሉ «አንተስ እንዴት ነው የምትለው?» እያለ ያደርቃል። በዚሁ የተነሳ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው በያጅ ከድሩ አንድ ቀን በደንበኞች ፊት «ፕሮፌሰር» ብሎ ጠራውና ሰው ሁሉ ሳቀበት። እፍረቱ እስከ ዛሬ አልወጣለትም። ሁለቱ ሰላምታ ካቆሙ ከርመዋል።

«ዊዳድን ጠይቄያት ልምጣ» አለ ሣህሌ።

«ኧረ ባክህ! ቤንዚን መሰለህ እንዴ? እኔው ራሴ ከተቀደደው ከረጢት ዘግኜ ክብሪት ጭሬበታለሁ። አይነድም!»

ሣህሌ ቃሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ዊዳድ የመድኃኒት መደብሩ ፋርማሲስት ናት። ሣህሌ ቃል ይዞ ሲመጣ ደስ ይላታል፤ ከራስ ምታት ክኒን ሌላ ነገር የሚጠይቃት እሱ ብቻ ነው። ፎቶውን ስታይ ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

«ኦክሲዳይዘር ነው ጋሽ ሣህሌ። ‹ዲ› ሳይሆን ‹ዳይ› ነው የሚባለው።»

«ኦክሲዳይዘር» አለ። ቃሉ አፉ ላይ ጣፈጠው። «ትርጉሙስ?»

«ለእሳት ኦክስጅን የሚሰጥ ነገር ነው። ለብቻው ላይነድ ይችላል። ዘይት፣ ጨርቅ ወይም እንጨት ሲያገኝ ግን እሳቱን ያባብሰዋል። አንዳንዱማ ይፈነዳል።»

«ሾፌሩ ክብሪት ጭሬበት እምቢ አለ ነው የሚለኝ።»

«አዩ፣ ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው! የተሳቢው ወለል ምንድን ነው?»

«ጣውላ» አለ ሣህሌ ቀስ ብሎ። «ናፍጣ የጠጣ ጣውላ።»

ፈራ። ደግሞም፣ ለራሱ ማመን አልፈለገም እንጂ፣ ደስ ብሎታል። ራሱ ሳይነድ ሌላውን የሚያነድ! ይህን ሁሉ ዓመት ከእሳት ጋር ሲውል እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር።

ሲመለስ ደጃፉ ባዶ ነው። ይታያል መጠበቅ ሰልችቶት መኪናውን አዙሮ ከማዶ፣ የከድሩ ደጃፍ ላይ አቁሞታል። ጄኔሬተሩም ተነስቷል።

ሣህሌ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሄዶ ቢናገር የሚጠብቀውን ያውቀዋል፤ ሳቁ ከወዲሁ ተሰማው። ቢተወውስ? ከድሩ ልጆች አሉት። አስፋልቱን ሮጦ ተሻገረ፣ ጄኔሬተሩን አጠፋና በከድሩና በተሳቢው መካከል ገብቶ ቆመ።

«ወላሂ አብደሃል!» ከድሩ ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፋው። «ዛሬ ደግሞ ምን ቃል ይዘህ መጣህ፣ ፕሮፌሰር?»

ይታያል ከት ብሎ ሳቀ።

«ኦክሲዳይዘር» አለ ሣህሌ።

«ኦክሲ... ምን? ኦክሲደራ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሳያርመው አይለቀውም ነበር።

«አጠራሩን እንደፈለግህ አድርገው። ትርጉሙን ሳትሰማ ግን አትለኩስም። ለብቻው አይነድም፤ ናፍጣ በጠጣ ጣውላ ላይ ተጭኖ እሳት ካገኘ ግን መንደሩን ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ጭነቱ ይውረድና ራቅ ይበል፣ ወለሉም ይጠረግ።»

«ማን ነው የሚያወርደው?» አለ ይታያል፤ ሳቁን አቁሟል።

ከድሩ ቢጫውን ምልክት አየ፤ ከዚያም ሣህሌን።

«እኔ» አለ ሣህሌ። «ብየዳው የከድሩ ነው።» እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከድሩ ተሳቢው ላይ ወጥቶ ያቀበለውን የመጀመሪያውን ከረጢት በጀርባው ተቀበለ።