ነፋስ የሌለበት መንገድ

ሹፌሩ መንዳት ካቆመ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ሹፌሩ» ማለቱን አልተወም። ሐኪም የግራ ዓይኑን አይቶ «ከእንግዲህ ሰው ጭኖ መንዳት የለም» አለው፤ የአውቶቡስ ድርጅቱም አመስግኖ ሸኘው። እሱ ግን ተሸኝቶ የሚቀር ሰው አልነበረም። በየጠዋቱ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ፔርሙዙን በብብቱ ሸጉጦ የድሮ ፌርማታው ላይ ይቆምና የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይገመግማል። «ይሄ ማርሽ ማስገባት ነው ወይስ ጥርስ መንቀል?» ይላል፣ መስኮቱን የከፈተ ሹፌር ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። በመጨረሻ አንዱ ወጣት ሹፌር ቤት ድረስ መጥቶ ሚስቱን «እትዬ፣ በፈጠረዎት፣ ይሰብስቡልን» ብሎ ለመናት።

የሰበሰበችው ልጃቸው ናት። አግብታ ስትወጣ ኮምፒውተሯን ትታለት፣ የጠፈር መንኮራኩር የሚነዳበት ጌም ጫነችለት። እንደ ሌሎቹ ጌሞች ተኩስና ጩኸት አይደለም፤ እውነተኛውን እንዲመስል ሆኖ የተሠራ ነው። ነዳጅ ያልቃል፣ ሞተር ይሞቃል፣ ዕቃ ይበላሻል። «አባዬ፣ ይሄንንም እስኪ ገምግመው» ብላው ሄደች።

መጀመሪያ ናቀው። ጥሩምባ የሌለው መሪ፣ መንገድ የሌለው አገር! ሳምንት ሳይሞላ ግን ከሳሎን ትልቁን ወንበር ጎትቶ አመጣ፣ ትራስ ደረበበት፣ ኮፍያውን ደፋ፣ ፔርሙዙን በግራ ጎኑ አቆመ። የአውቶቡሱ መቀመጫ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ በቦታው ተገኘ፤ የጎደለው ተሳፋሪ ብቻ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ እዚያው ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው። ካውያዋ ከአንድ ወገን፣ ኮምፒውተሩ ከሌላ ወገን ሙቀት ሲተፉባት ክፍሉ ዳቦ ቤት ሆነ። አጉረመረመች፤ ግን ፌርማታው ላይ ቆሞ ከሚሰደብ እዚሁ ቤቷ ቢያልባት ይሻላል አለች።

በጌሙ ውስጥ አብረው ጭነት የሚያመላልሱ አምስት ሰዎች አገኘ። የቡድኑን አለቃ ጭልፊት ይሏታል። ድምፅዋ ይሰማል እንጂ ፊቷን ያየ የለም። ከሁሉም የሚያንሰው ደግሞ ቀጭኔ የሚሉት ልጅ ነው፤ ሥራው ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ መሳቅ ነው። ሹፌሩን አዩት፣ መዘኑት። አይቸኩልም፣ አይነታረክም፣ ባለው ሰዓት ይደርሳል። ቦቴውን ሰጡት። የሁሉንም ነዳጅ የሚጭነው መንኮራኩር ማለት ነው፤ ቦቴው ካልደረሰ ማንም የትም አይደርስም።

ይህ ለሹፌሩ ምን እንደሆነ ሚስቱ ብቻ ታውቃለች። አውቶቡሱን ካስረከበ ወዲህ የሆነ ቦታ ቆሞ «ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅለት ሰው አልነበረም። እሷ ራሷ ለእራት አትጠብቀውም፤ ከቤት ስለማይወጣ ምኑን ትጠብቀው?

ችግሩ የመጣው መንገዱ ሲለወጥ ነው። ወደ ሩቁ ጣቢያ ለመድረስ በአንድ ግዙፍ ኮከብ ጥግ ማለፍ ግድ ሆነ። በመጀመሪያው ጉዞ ኮከቡ መስኮቱን ሲሞላ የሙቀቱ መርፌ ከአረንጓዴው ወጥቶ ወደ ቢጫው ተንፏቀቀ። ሹፌሩ አልደነገጠም። ሞተር ሲሞቅ ምን እንደሚደረግ ሊያስተምሩት ነው? መኪና በመጨናነቅ መሐል ቆሞ ራዲያተሩ ሲፈላ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከግርግሩ ወጥተህ ነዳጅ ትሰጣለህ፣ ነፋሱ ራዲያተሩን ይመታዋል፣ ይበርዳል። ነዳጅ ሰጠ። መርፌው ቀይ ገባ። የበለጠ ሰጠ። ቦቴው እንደ ክብሪት ቦግ ብሎ ጠፋ።

«ፋዘር!» አለ ቀጭኔ ትንፋሹ እስኪያጥረው እየሳቀ፤ «ቦቴውን ቀቀልከው እኮ!»

በሁለተኛው ጉዞ ደግሞ ሌላ የሙያ ምስጢር ነበረው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል የተሳፋሪውን ማሞቂያ ይከፍት ነበር። ተሳፋሪው በጠራራ ፀሐይ እየተቀቀለ ይራገማል፤ የሞተሩ ሙቀት ግን ወደ እሱ ስለሚሄድ ሞተሩ ይተርፋል። ቦቴው ላይ ማሞቂያ ቢፈልግ አጣ። እጁ ለመደው ነገር ተመለሰና ነዳጅ ሰጠ። ይኸው እንደገና ቦግ።

ጭልፊት ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ እኔ ሰው ማባረር አልወድም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ እንሞክራለን። ከተቃጠለ ግን ቦቴውን ለቀጭኔ እሰጣለሁ። እርስዎ ከኋላ ይከተሉናል።»

ከኋላ መከተል! ያ በሹፌሩ ቋንቋ ተሳፋሪ መሆን ነው።

ይሁን እንጂ እፍረቱ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው ምግቡን ያስረሳው። ብርድ አገር ውስጥ ሞተር እንዴት ይግላል? ለልጁ ደወለ።

«እዚያ ላይ ብርድ ነው አይደል?» አላት፣ ደህና ነሽ ወይ ሳይላት።

«የት ላይ አባዬ?»

«ጠፈሩ ላይ ነዋ!»

«አዎ፣ ብርድ ነው።»

«ታዲያ ብርዱ ምን ሊሠራ ተቀምጧል? ለምን አያበርደኝም?»

«ምክንያቱም የሚነካህ ነገር የለም። እዚህ የሚያበርድህ እኮ አየሩ ነው፤ ሙቀትህን ተቀብሎህ ይሄዳል። እዚያ አየር የለም፣ ነፋስ የለም፣ ባዶ ነው።»

«ብፈጥንስ?»

«የትኛው ነፋስ ይምታህ? ይልቅ ሞተሩን ባስጮህከው ቁጥር ሙቀት እየጨመርክ ነው። ቆይ፣ ፔርሙዝህ አጠገብህ ነው?»

የማይጠየቅ ጥያቄ ነው። ፔርሙዙ መቼ ከአጠገቡ ተለይቶ ያውቃል።

«ሻይህ እስከ ማታ የሚሞቀው ለምንድን ነው? ግድግዳው ድርብ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳ መሐል ያለውን አየር አውጥተውታል። ባዶ ነው። ሙቀቱ የሚሻገርበት ድልድይ አጣ።»

ሹፌሩ ስልኩን ዘጋና ፔርሙዙን ብድግ አድርጎ አገላበጠው። ያን ሁሉ ዓመት ሲያመላልሰው ኖሮ አንድ ቀን እንኳ «ለምን አትበርድም?» ብሎት አያውቅም። ጎኑን በጣቱ አንኳኳው። ጆሮውን ለጠፈበት።

«ምን አለህ?» አለች ሚስቱ መርፌዋን እያሾለከች።

«አንቺዬ፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ፔርሙዝ ውስጥ ነው የምነዳው!»

«ክዳኑን እንዳትከድን ብቻ» አለችው።

ግን አንድ ነገር አልገባውም። ፔርሙዝም ቢሆን በመጨረሻ ይበርዳል። በየት በኩል ነው የሚወጣው? ከመንኮራኩሩ ጎንና ጎን እንደ ክንፍ የተዘረጉ ሁለት ሰሌዳዎች አሉ፤ ሞተሩ ሲግል እነሱም ይቀላሉ። የሙቀት መውጫ ናቸው መባሉን ያውቃል። ነፋስ ከሌለ ታዲያ ለማን ነው የሚሰጡት?

በማግስቱ ሚስቱ ኮሌታ እየተኮሰች ሳለ ጉንጩን ወደ ካውያው አስጠጋ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ፊትህ ተጨማደደ ብዬሃለሁ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ያዢው። አቁሚው። ሆዱን ወደ እኔ አዙሪው… ይኸው! ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል ሲሉ ነበር የምሰማው። ይሄ በጎን ነው የመጣብኝ! ሳይነካኝ!»

«ታዲያ እሳት ዳር ቁጭ ብለህ አታውቅም?»

«ተቀምጫለሁ፤ አልጠየቅኩም እንጂ። አሁን ጠርዙን ወደ እኔ አድርጊው።»

አዞረችው። ጉንጩ ላይ የነበረው ግለት ወዲያው ቀነሰ። ሆዱን አዞረች፣ መጣ። ጠርዙን አዞረች፣ ሄደ። ሚስቱ ሥራዋን ረስታ «እስኪ ለእኔ ያዝልኝ» አለችና እሷም ጉንጯን ሰጠች። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ በሩ ላይ ደርሳ ባልና ሚስት ተራ በተራ ፊታቸውን ለካውያ ሲሰጡ ብታይ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ወደ ኋላ ሄደች።

ነገሩ ገባው። ሰሌዳው በሰፊው ፊቱ ይሰጣል፤ በሰፊው ፊቱም ይቀበላል። እሱ ደግሞ ያንን ሰፊ ፊት ለኮከቡ ገልጦ ነበር የሚያልፈው። መንኮራኩሩን በጎኑ ጋደም አድርጎ የሰሌዳውን ጠርዝ ለኮከቡ፣ ፊቱን ለጨለማው ቢሰጥስ?

በልምምድ መንኮራኩር ሞከረው። መርፌው ዘገየ። ደስታው ግን አልዘለቀለትም፤ ዘግይቶም ቢሆን ቀይ ገባና ተቃጠለ። ጭልፊትን ጠየቃት።

«ጠርዙ ትክክል ነው ጋሼ» አለች። «አሁን የሚያቃጥልዎት የራስዎ ሞተር ነው። አቅጣጫዎን ቀድመው ያስተካክሉ፤ ኮከቡ ጋ ሲጠጉ ሞተሩን ያጥፉት። በራሱ ይሄዳል።»

«ሞተር አጥፍቼ?»

«አጥፍተው።»

«እየሄድኩ?»

«እየሄዱ።»

ሹፌሩ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ቁልቁለት ላይ ሞተር ያጠፋ፣ ማርሽ አውጥቶ ፎሌ የለቀቀ ሹፌር ለእሱ ደመኛው ነበር። ሞተር ከጠፋ ፍሬን ይደነድናል፣ መሪ ይከብዳል፣ የተሳፋሪው ነፍስ በአየር ላይ ይቀራል። ስንቱን ረዳት በዚህ ተቆጥቷል! ይህን ሁሉ ለሚስቱ ዘረዘረላት።

«እዚያ ምን አለ የምትገጨው?» አለችው።

«ምንም።»

«ቁልቁለት አለ?»

«የለም።»

«ፍሬንስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ የምትጠብቀው ምኑን ነው?»

ልክ ናት። ሆኖም እጅ ስለተረታ አመሉን አይተውም። እስከ ቅዳሜ ድረስ በልምምዱ ሞተሩን ሊያጠፋ አንድ ሺህ ጊዜ ቁልፉ ላይ ደርሶ አንድ ሺህ ጊዜ ጣቱን አነሳ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወንበሯን ከጀርባው አደረገች። ስድስቱ ተሰለፉ። ኮከቡ መጣ፤ መጀመሪያ ሳንቲም፣ ቀጥሎ ትሪ፣ ከዚያ ግድግዳ ሆነ። ሹፌሩ አቅጣጫውን አስተካከለ፣ ቦቴውን በጎኑ አጋደመ። መርፌው ቢጫ ገባ።

«ጋሼ፣ አሁን» አለች ጭልፊት።

ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። አልጫነም። መርፌው ወደ ቀዩ ጫፍ ሄደ። ሌላኛው እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ነዳጅ መስጫው ሲሳብ ሚስቱ አየችው።

«እጅህ!»

ደነገጠና ቁልፉን ተጫነው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ሁለት እጆቹን አንስቶ ከሥሩ አስገብቶ ተቀመጠባቸው።

ማስጠንቀቂያው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ደገመ። ሹፌሩ የሚያደርገው አጣ። የሚያደርገው ሲያጣ ደግሞ ወደ ውጭ አየ። ኮከቡ የሚፈላ ማር ይመስላል፤ አረፋው እንደ ተራራ ያብጥና ተመልሶ ይሰምጣል፣ ከጠርዙ ክር የመሰለ እሳት ይመዘዝና ይታጠፋል። «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?» አለ ለራሱ። ስንት ዓመት ሙሉ በመስኮት ማየት የተሳፋሪ ሥራ ነበር፤ እሱ ዓይኑን ከመንገድ ነቅሎ አያውቅም። ክሩ ለምን እንደሚታጠፍ ልጁን መጠየቅ አለበት።

«ቆመ» አለች ሚስቱ።

መርፌው ቀዩ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ወደ ቢጫው ተመለሰ። ግድግዳው ትሪ ሆነ፣ ትሪው ሳንቲም ሆነ፤ ሰሌዳዎቹ ያላቸውን ሙቀት ለጨለማው እየለገሱ ደበዘዙ።

ጣቢያው ራሱ ቦቴውን ስቦ ያዘው፤ አምስቱ እዚያ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር።

«ቦቴው ደረሰ?» አለች ጭልፊት፣ እያየችው።

«ደርሷል» አለ ሹፌሩ።

«ፋዘር!» ጮኸ ቀጭኔ። «ጥሬህን መጣህ!»

«አንተ በሚቀጥለው ጉዞ ከኋላዬ ተሰለፍ» አለው። «ደግሞ ወደ ውጭ እይ፤ የሚታይ ነገር አለ።»

ሁሉም ነዳጃቸውን እየቀዱ ሳለ እጆቹን ከሥሩ አወጣቸው። ደንዝዘዋል። አራገፋቸውና ፔርሙዙን ከፈተ፤ ጠዋት የተቀዳ ሻይ ነው። ያን የሚያህል ኮከብ ሳይነካው ያለፈው ሰው አንድ ጊዜ ፉት ቢል ምላሱ ተላጠ።

«ኡፍ!»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን እያስነሳች ዞር ብላ አላየችውም። «በጠርዙ በኩል አትጠጣም ነበር?» አለችው።