በወፍ ጉዳይ የተላኩ ሽማግሌዎች

«ዝግ በል እንጂ፤ ሽማግሌ እየከነፈ አይሄድም» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው።

መሪውን የያዘው ይገዙ ዝግ አለ። ከአሌክሳንድሪያ የተነሡት ከቅዳሴ መልስ ነው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጭጋጉን ትቶ ሄዶ ነበርና የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገሩ ወንዙ የለም፤ ከግራም ከቀኝም ነጭ ብቻ ነው። መኪናዋ በተባዘተ ጥጥ ላይ የምትንሳፈፍ ትመስል ነበር። ከኋላ ወንበር ቤት አሻሻጩ ወንድሜነህ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ስልኩን ይነካካል። ሦስቱም ሽማግሌ ናቸው። በዕድሜ እንኳ ለሽምግልና የደረሱት ጋሽ ልሳነወርቅ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ቁጥር ማሟያ ናቸው ቢባል ይቀላል። የተላኩት ብሩክታይት የምትባል ሴት ለማስታረቅ ነው። ከማን ጋር እንደተጣላች ግን አንዳቸውም አያውቁም።

የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው፦ ብሩክታይት ባለፈው ረቡዕ ጠዋት፣ ደኅና ሁኑ እንኳን ሳትል፣ ከ«ወፍ አየሁ» ሌፍት ብላ ወጥታለች።

«ወፍ አየሁ» የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ይገዙ የከፈተው፣ በሚሠራበት ፓርኪንግ የበሩ ማሽን ላይ ጎጆዋን የቀለሰች ወፍ ስሟ ማን እንደሆነ የሚነግረው አጥቶ ነው። ሲጀመር አምስት ሰዎች ነበሩ። ሕጉም ቀላል ነበር። ያየ ሰው «ወፍ አየሁ» ብሎ ይጀምርና የት እንዳየ፣ ወፏ ምን ስታደርግ እንዳገኛት ይናገራል። የእንግሊዝኛ ስሟን መጥራት ክልክል ነው። አማርኛ ስም ከሌላት ያያት ሰው እንደ ክርስትና አባት ሆኖ ስም ያወጣላታል።

በዚህ ብሩክታይትን የሚስተካከላት አልነበረም። ውኃ ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚውለውን ረጅም አመዳም ወፍ «መሪጌታ» አለችው፤ መቋሚያውን ተደግፎ ያሸለበ ይመስላልና። ጥቁሩን፣ ትከሻው ላይ ቀይ ማዕረግ የለጠፈውን «ሻምበል» አለችው። ከዚያ ወዲህ ይገዙ እነዚያን ወፎች በሌላ ስም ማሰብ አልቻለም። አንዳንድ ጠዋት በሩን ሊከፍት ብቅ ሲል ሻምበል አጥሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ይገዙም ማንም ሳያየው እጁን ወደ ግንባሩ ከፍ ያደርግለታል። ቤት ውስጥ ይህን ቢያወራ ይሣቅበታል። ግሩፑ ውስጥ ግን ብሩክታይት «ሰላምታ ሰጠህ?» ብላ የምሯን ትጠይቀዋለች።

ከዚያ ሰው ሰውን እያስገባ ግሩፑ ሞላ። መጀመሪያ የበዓል መልካም ምኞት መጣ፤ እንኳን አደረሳችሁ ያለን ሰው ምን ይሉታል? ቀጥሎ ለታመመ ሰው ጸሎት መጣ። ከጸሎቱ ለቅሶ ተከተለ፤ ለቅሶ ደግሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ለቅሶው ከተፈቀደ የሚከራይ ቤዝመንት በምን ይከለከላል? ከአምስቱ አንዱ ቢዚ ሆኛለሁ ብሎ ወጣ፤ አንዷ ልጅ ወልዳ ቀረች፤ አንዱ ስልክ ቀይሮ በዚያው ጠፋ። ማንም ያባረራቸው የለም። ብሩክታይትና ይገዙ ብቻ ቀሩ፤ አሁን እሷም ሄደች። ይገዙን ያንገበገበው ይህ ነበር፤ እሷ ካልተመለሰች «ወፍ አየሁ» ስሙ ብቻ ይቀራል፣ እሱም ያየውን የሚነግረው ሰው አይኖረውም።

ግሩፑ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ተረጎመው። ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ የሚወጣው ቢቀየም ነው። «ብሩኬን ማን አስቀየማት?» ተባለ። ጋሽ ልሳነወርቅ «ሽማግሌ ይላክ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ አሜን እንደ በረዶ ወረደ።

«እኔ የምለው» አለ ወንድሜነህ ከኋላ፣ «ሳታስበው የመውጫውን ቁልፍ ነክታው ቢሆንስ? የኔ ሚስት ባለፈው የገዛ እናቷን ብሎክ አድርጋ፣ ስንት ቀን ተኮራርፈው ከረሙ መሰላችሁ!»

«ታዲያ ተመልሳ ትገባ ነበራ!» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። «ሰው አስቀይሟታል። ማን እንደሆነ ትናገር፣ እግሯ ላይ አስወድቀን ይቅርታ እናስጠይቀዋለን።»

ይገዙ ግን በልቡ ቆርጧል። አድሚኑ እሱ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ትበለው እንጂ፣ ከወፍ በቀር ሌላውን ሁሉ ዛሬውኑ ይከለክላል።

ብሩክታይት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አስፐን ሂል መውጫ፣ ጀርባው ጫካ በሆነ ቤት ነው የምትኖረው። ከነርሲንግ ሆም ሺፍቷ ገና መግባቷ ነበር፤ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። በሩን ከፍታ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰውና አቀርቅሮ የቆመ ይገዙን ስታይ ፊቷ አመድ ሆነ።

«ማን ሞተ?» አለች። የበሩን መቃን ያዘች። «እናቴ ናት?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

«አትደብቁኝ! እናቴ ናት አይደል?»

«ብሩኬ ሙች፣ ማንም አልሞተም» አለ ይገዙ። «የመጣነው በግሩፑ ጉዳይ ነው።»

«የምን ግሩፕ?»

«የወፉ።»

ከዚያ ደረቷን ይዛ፣ መንገድ እየለቀቀችላቸው ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። «ተቀመጡ» አለች። አልተቀመጡም። ሳሎኗ መሐል እንደ ሻማ ተገተሩ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

«አንቀመጥም ልጄ። ደግ ነው፣ እሺ፣ ታርቄያለሁ ሳትይን አንቀመጥም፤ እህል ውኃም አንቀምስ።»

«ከማን ጋር ነው የምታረቀው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ልሳነወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሱን እንኳ አንቺ ነሽ የምትነግሪን» አሉ።

ብሩክታይት ሣቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ድንጋጤው ገና አልወጣላትም ነበርና ሣቁ ከእንባ ጋር ተቀላቀለባት። «በስመ አብ! ለቴሌግራም ሽማግሌ!» ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጋሼ፣ እኔ አልተቀየምኩም። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ዊንተሩን ሙሉ ስጠብቃት የነበረች ወፍ መጣች። አትታይም እሷ፤ ድምፅ ብቻ ናት። ቀዳኋትና ላክሁላችሁ፣ ስም አውጡላት ብዬ። ከሥሯ አሜን መጣ። እንኳን አብሮ አደረሰን መጣ። ከዚያ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ መጣ።»

ወንድሜነህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተናደድኩ እንዳይመስልህ ወንድሜ፤ ሰዉ ደስ ብሎት ነው። እኔ ግን ሠርግ ቤት ገብታ በሹክሹክታ የምታወራ ሴት መሰልኩ። ሠርጉ ምን አጠፋ? ወጥቼ ማውራት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ አስተካክለው ነበር» አለ ይገዙ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነበት። «አሁንም አልመሸም። ዛሬውኑ ወፍ ብቻ ብዬ ሌላውን እዘጋለሁ። ትመለሻለሽ?»

እሷ ሳትመልስ ጋሽ ልሳነወርቅ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እሺ ሳትላቸው፣ ሽምግልናው ሳያልቅ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ያስቀየምኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት የእርግቧንና የጽጌረዳውን ሥዕል የምልከው እኔ ነኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በማርያም!»

«የለም፣ ስሙኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ስነሣ እንደምን አደርክ የሚለኝ የለም። ልጆቹ በርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ናቸው፤ በየሥራቸው ይሮጣሉ፣ አልፈርድባቸውም። ያቺን እርግብ በላክሁ ቁጥር ከሥሯ አሜን፣ አሜን ይላል። ብዙውን ሰው በመልክ አላውቀውም። ግን አሜን ሲል፣ አንድ ሰው መንቃቴን አወቀ እላለሁ።» ጣቶቻቸውን አዩ። «ስለ ወፍ እንኳ ምንም አላውቅም። የገባሁት አንድ ሰው አስገብቶኝ ነው።»

ይገዙ ያችን እርግብ በየጠዋቱ ሳያያት በአውራ ጣቱ ሲያሳልፋት ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ አሜን ብሎ አያውቅም።

ብሩክታይት የኋላውን በር ከፈተች። «ኑ እስቲ» አለች፣ «ዝም ብላችሁ ኑ።»

የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን እንዳደረጉ እርጥቡን ሣር አቋርጠው ጫካው ጠርዝ ላይ ቆሙ። ጭጋጉ ከዛፎቹ ግንድ መሐል አልወጣም ነበር፤ ቅርብ ያለው ዛፍ ጥቁር፣ ቀጥሎ ያለው ግራጫ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዛፍ ይሁን ጥላ አይለይም። ውኃ ከቅጠል ቅጠል ይንጠባጠባል። የመንገዱ የመኪና ድምፅ ርቆ ርቆ ጠፋ። ይገዙ እዚያ ምን ያህል እንደቆሙ ኋላ ሊያስታውስ አልቻለም፤ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል እንደሚሰማው ያለ ቅለት ተሰማው።

ከዚያ ወፏ ዘፈነች። መጀመሪያ አጭር ነበር፤ ቀጥሎ ድምፁ ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ከሥሩ ይርገበገባል። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ራሱ ጭጋጉ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር። ወንድሜነህ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። ብሩክታይት ክንዱን በቀስታ ነካችው፤ ትቶት ቆመ።

ወፏ ዝም ስትል ጋሽ ልሳነወርቅ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ ነበሩ። «ባለቤቴ ቤት ስታስተካክል እንዲህ ነበረች» አሉ። «ቃል የለውም፤ ለራሷ ነው። ወፏን እንጉርጉሮ በሉልኝ።»

«እንጉርጉሮ» አለች ብሩክታይት፣ ቀምሳ እንደምትፈትነው ሁሉ። «ይሁንላት።»

«እንግዲህ እኔም ወፍ አየሁ።»

«አላዩም ጋሼ፤ ሰሙ።»

«ወፍ ሰማሁ» አሉና ሣቁ፤ ይገዙ ሲሥቁ ያያቸው ያን ዕለት ነው።

ሲመለሱ ብሩክታይት ከይገዙ ጋር ወደኋላ ቀረት አለች። «አልመለስም» አለችው። «እንዳትዘጋባቸው ደግሞ። እሳቸውን ወዴት ልትሰዳቸው ነው? ዝም ብዬ መውጣቴ ግን ጥፋት ነው፤ ለሱ ይቅርታ እላለሁ። አንተስ ለምን አልወጣህም?»

«እንጃ» አለ ይገዙ። «በር ላይ መቆም ለምጄ ይሆናል።»

ይቅርታዋን ለሽማግሌዎቹ ነገረች፤ ጋሽ ልሳነወርቅም ለእርቁ ይህ ይበቃል ብለው መረቁ፤ በልተው ጠጥተው ተነሡ።

በመልስ ጉዞ ጭጋጉ ስለተገፈፈ ወንዙ ይታይ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ልሳነወርቅ ወደ ይገዙ ዞረው «አንተ ነህ አለቃው» አሉ። «ነገ ጠዋት እርግቧን ልላክ ወይስ ይቅር?»

«ይላኩ ጋሼ» አለ ይገዙ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፓርኪንጉ በር ላይ ቆሞ እያለ እርግቧ ከነጽጌረዳዋ መጣች። ይገዙ ለመጀመሪያ ጊዜ «አሜን ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሌሎቹ አሜን ሲደረደር አየ። የታመመ ይጠየቅበታል፣ የሞተ ይለቀስበታል፣ ቤት ያጣ ቤት ያገኝበታል። ወፍ የለበትም እንጂ ግሩፑ አልሞተም። አድሚንነቱን ለጋሽ ልሳነወርቅ ሰጠ።

ከዚያ የስንብት ቃል መጻፍ ጀመረ። «ወገኖቼ፣ ተቀይሜ አይደለም» ብሎ አንድ ሁለት ቃል ጨመረና ቆመ። በወጉ ቢሰናበት በወጉ ይመርቁታል፤ መንገድህን ያቅናልህ ይሉታል፣ ያበቃል። የጻፈውን አጠፋው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሌፍት አለ።

ስልኩን እንደያዘ ወደ ተቆጣጣሪው ወደ ኃይለልዑል ቢሮ ገባ።

«እሁድ ኦፍ ስጠኝ።»

«ምን አለብህ?»

«ሽማግሌ ይመጣብኛል።»

«አንተ ደግሞ! ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?»

«ከማንም።»

ኃይለልዑል ራሱን ነቀነቀና ስሙን ከእሁዱ ሺፍት አወጣለት። ይገዙ ወደ በሩ ሲመለስ ለብሩክታይት ደወለ። «ሌፍት ብያለሁ» አላት። «እሁድ አስታራቂ ሆነሽ ነይ፤ ከጋሼ ጋር ትገናኛላችሁ። ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጊ። መሪጌታ የሚቆምበት ረግረግ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ሳያዩት አልታረቅም እላቸዋለሁ።» ሣቋ ከወዲያ በኩል ተሰማው።

ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ሳይከተው እንደገና ጠራ። ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው፤ በድንጋጤ ቁጥሩን ሲጫኑ ታየው። አውራ ጣቱን ወደ አረንጓዴው አስጠጋ፤ እንዲህ ማስጨነቁ አሳዘነው። ግን አላነሣውም። በስልክ ከታረቁ እሁድ አይመጡም።