ልሙጡ ምድጃ

ነዳፊዋ አዲሱን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነድፋ ስትጨርስ ፋብሪካው በሙሉ አጨበጨበላት። ፊቱ እንደ መስተዋት ልሙጥ ነው፤ ማዞሪያ የለው፣ ቁልፍ የለው። በላዩ የተሳለውን ምልክት በጣት ሲነኩት ይበራል፣ ሌላውን ሲነኩት ይጠፋል። ትምህርት ቤት ሳለች «የማይሠራውን ሁሉ ከዕቃው ላይ አንሺ» ብለው ያስተማሯትን በሚገባ የፈጸመች መስሏት ደስ አላት። ገና ገበያ ሳይወጣም አንዱን ለአባቷ ወሰደችላቸው።

አባቷ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ብረት ሲቀርፁ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ብዙም አያዩም። ያም ሆኖ ሻያቸውን ራሳቸው ያፈላሉ። «ዓይኔ ደከመ እንጂ የሰው እጅ አላይም» እያሉ ይቀልዳሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«አባባ፣ ምን ነካዎት?»

«ምንም አይደል፤ በር ያዘኝ።»

ወጥ ቤት ገባች። ምድጃው ላይ፣ ከየምልክቱ ጎን፣ የሸሚዝ ቁልፍ በማስቲሽ ተለጥፏል፤ ለማብሪያው አንድ፣ ለማጥፊያው ሁለት። ነገሩ ወዲያው ገባት። አባቷ የጠፋ መስሏቸው የጋለውን ልሙጥ ፊቱን በመዳፋቸው ዳብሰዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማት ብስጭት ነበር፤ ያን የመሰለ ፊት አበላሹት! ፋሻውን መለስ ብላ ስታይ ግን አንገቷን ደፋች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎሽ ያመጣሽውን? በየትኛው አፌ?» አሉ። «ደግሞ ጥሩ ምድጃ ነው፤ ቶሎ ይሞቃል። ዝምታው ነው የከፋው፤ ይብራ ይጥፋ አይናገርም።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ማዞሪያ ይግባለት።»

«ማዞሪያ? ያ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው! ሰው ሁሉ ልሙጥ እየፈለገ አንቺ ወደ ኋላ?»

አልተከራከረቻቸውም። ወደ ማሳያው ክፍል ወሰደቻቸውና ምድጃውን ለብ አድርጋ፣ «ዓይንዎን ጨፍነው ያጥፉት» አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ አንዱን ማሞቂያ አጠፋሁ ሲሉ ሌላውን አበሩ። ዓይናቸውን ገልጠው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ሥራው ሁለት ወር ይዘገያል። የዘገየውም በአንቺ ምክንያት ነው ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ይጻፉ።»

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው የእንጨት ማዞሪያ እየቀረፀች ለአባቷ ታመጣ ጀመር። የመጀመሪያውን ገና ሲይዙት «በእርጥብ እጅ ያዳልጣል» አሉ። ሁለተኛውን «የት ላይ እንደቆመ አይናገርም» ብለው መለሱት። አንዳንዴ ተኮራርፈው ይለያዩ ነበር፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሁለቱም ይረሱታል። አምስተኛውን አገላብጠው ዳበሱት፣ አዞሩት፣ መለሱት።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ፣ አባባ።»

«አትዋሺ! ይሄማ የባለሙያ እጅ ነው» አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ምድጃው ዘግይቶ ገበያ ወጣ። «የድሮ ይመስላል» ብሎ ያለፈው አልጠፋም፤ የገዛው ግን በዛ። ነዳፊዋም ቀጥሎ የተሰጣትን የውሃ ማፍሊያ ንድፍ ለማንም ከማሳየቷ በፊት በሸክላ ጭቃ አበጅታ አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።